የጄኔቫው በር ሲከፈት ማን ይገባል? ኢትዮጵያና የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ትምህርት

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ማመልከቻዋን ያስገባችው እ.ኤ.አ በ2003 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ዓመት የተወለዱ ልጆች ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ ምረቃ ደርሰዋል። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው የሥራ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው በ2008 ሲሆን፣ ሦስተኛው ስብሰባ በ2012 ከተካሄደ በኋላ አራተኛው እስከ 2020 ድረስ ዘግይቷል። አምስተኛው በመጋቢት 2025 ተደርጓል። መንግሥትም የድርጅቱ 14ኛ የሚኒስትሮች ጉባኤ በካሜሩን ዋና ከተማ ያውንዴ እስከሚካሄድበት ጊዜ ድርድሩን የማጠናቀቅ ዕቅድ ይዞ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል።

በአገር ውስጥ የሚሰማው ክርክር በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በቀረጥ ቅነሳ፣ በባንኮች ለውጭ ባለሀብት መከፈትና በአገር በቀል ፋብሪካዎች ዕጣ ላይ ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙም የማይነሳው ሌላ ጥያቄ ግን አለ፦ አባልነቱ ከተገኘ በኋላ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች የተጻፉትን ግዴታዎችና መብቶች የሚያነብ፣ የሚተረጉምና በእነርሱ የሚከራከር ሰው ከየት ይመጣል?

አባልነት ለአንድ አገር መብት ይሰጣል እንጂ መብቱን የሚያስከብር ባለሙያ አይሰጥም። የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ትምህርት የኢትዮጵያን አርብቶ አደርና ነጋዴ፣ በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖረውን አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብም የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንስሳቱ መንገድ

ጉዳዩን ለመረዳት ቀይ ባሕርን የሚሻገረውን የቁም እንስሳት ንግድ መመልከት ይበቃል። ከሶማሌ ክልል፣ ከአፋርና ከቦረና የሚነሱ በጎች፣ ፍየሎች፣ ከብቶችና ግመሎች በጅቡቲና በበርበራ ወደቦች በኩል ወደ ዓረብ አገራት ይሻገራሉ። በሐጅ ወቅትና በዒድ አል-አድሓ ፍላጎቱ ይበልጥ ይጨምራል። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የሚወጣው የበግና የፍየል ሥጋም በአውሮፕላን ተጭኖ ጅዳና ዱባይ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ በመስከረም 2000 በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን ግዛትና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ ተከሰተ። በሽታው ከአፍሪካ ውጪ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ በሁለቱ አገራት የበርካታ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። የባሕረ ሰላጤው አገራትም ሕዝባቸውን ለመጠበቅ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ እንስሳትን አገዱ። እርምጃው የጤና ምክንያት ነበረው፤ ዋጋው ግን መንጋውን ሸጦ እህል በሚገዛው አርብቶ አደር ላይ አረፈ። በአንዳንድ ቦታዎች እገዳው ዓመታትን አስቆጥሯል።

በዚያን ጊዜ ሳዑዲ ዓረቢያም የድርጅቱ አባል አልነበረችም። ጥያቄዋን በ1993 አቅርባ አባል የሆነችው ከ12 ዓመታት ድርድር በኋላ በታኅሣሥ 2005 ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ከ1996፣ ኦማን ከ2000፣ የመን ደግሞ ከ2014 ጀምሮ አባላት ናቸው። ዛሬ የኢትዮጵያን እንስሳት የሚገዙት አገራት በሕጉ ጥላ ሥር ናቸው፤ ሻጯ ግን ታዛቢ ሆና ቆይታለች። ታዛቢ በስብሰባ ይቀመጣል፤ ክስ የማቅረብ መብት ግን የለውም።

ሕጉ ምን ይላል?

የሰውን፣ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ጤና የሚመለከተው የድርጅቱ ስምምነት ማንኛውም አባል አገር ሕዝቡን ከበሽታ የመጠበቅ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። እርምጃው ግን በሳይንሳዊ ማስረጃ ላይ እንዲመሠረት ያስገድዳል። ከዚህም አልፎ፣ በአንድ አገር ከፊል በሽታ ስለታየ ብቻ አገሪቱ በሙሉ እንዳትዘጋ፣ ከበሽታ ነጻ የሆኑ አካባቢዎች ተለይተው እንዲታዩ ይጠይቃል።

የዚህ ድንጋጌ ጉልበት በተግባር ታይቷል። ሕንድ በወፍ ጉንፋን ምክንያት የዶሮ ሥጋና እንቁላል እንዳይገባ በመከልከሏ አሜሪካ በ2012 ከሰሰቻት። ሕንድ ከበሽታ ነጻ ለሆኑ አካባቢዎች ተገቢውን እውቅና አለመስጠቷ ከስምምነቱ ጋር እንደሚጋጭ የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል በሰኔ 2015 ወስኗል።

ሆኖም በዚሁ ድንጋጌ ውስጥ ለታዳጊ አገራት ከባድ የሆነ ሸክም አለ። አካባቢው ከበሽታ ነጻ መሆኑን የማስረዳት ኃላፊነት የተጣለው በላኪው አገር ላይ ነው። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙ የሰበሰበው መረጃ፣ የላቦራቶሪው ውጤትና የኳራንቲን ጣቢያው መዝገብ ጄኔቫ ላይ ተቀባይነት ወደሚያገኝ የሕግ ማስረጃ መለወጥ አለባቸው። ይህን ድልድይ የሚሠራው በንግድ ሕግ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። እርሱ በሌለበት እውነቱ በእጅ እያለ ክርክሩ ሊጠፋ ይችላል።

የባንግላዴሽ ባትሪዎች

ድሃ አገር በዚህ መድረክ ምን ሊያገኝ ይችላል ለሚለው ጥያቄ ባንግላዴሽ መልስ አላት። ሕንድ ከባንግላዴሽ በሚገቡ ባትሪዎች ላይ፣ ከተገቢ ዋጋ በታች ይሸጣሉ በሚል፣ ተጨማሪ ቀረጥ ጥላ ነበር። ባንግላዴሽ በጥር 2004 ሕንድን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች፤ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ካሉ አገራት መካከል እንዲህ ያለ ክስ በማቅረብም የመጀመሪያዋ ሆነች። ጉዳዩ ፍርድ ላይ ሳይደርስ ሕንድ በጥር 2005 ቀረጡን አነሳች።

ባንግላዴሽን ያገዘው በ2001 ጄኔቫ ውስጥ የተቋቋመው የዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ አማካሪ ማዕከል ነው። ማዕከሉ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ለሚገኙ አገራት፣ በአባልነት ድርድር ላይ ያሉትን ጨምሮ፣ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ኢትዮጵያም በዚሁ መደብ ውስጥ ናት። ይሁን እንጂ ለማማከር እንኳ ችግሩን ለይቶ የሚያውቅና ጥያቄውን በትክክል የሚያዘጋጅ የአገር ልጅ ያስፈልጋል።

ተማሪው ምን ይማራል?

ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ነው። መነሻው በ1947 የተፈረመው የቀረጥና ንግድ አጠቃላይ ስምምነት ሲሆን፣ በ1994 ማራካሽ ላይ ተፈርሞ ድርጅቱን ወደፈጠረው ስምምነት ይሻገራል። ሁለት መርሆዎች የትምህርቱ ምሰሶ ናቸው። አንደኛው፣ ለአንድ አገር ዕቃ የተሰጠ ጥቅም ለሌሎች አባላትም ሁሉ መሰጠት አለበት የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የውጭው ዕቃ ድንበር ካለፈ በኋላ ከአገር ውስጥ አቻው ጋር በእኩል ዓይን መታየት አለበት ይላል። ተማሪው ከዚህ ተነስቶ ወደ አገልግሎት ንግድ፣ ወደ አእምሯዊ ንብረት፣ ወደ ጤናና ጥራት ደረጃዎች፣ ወደ ክርክር አፈታት ሥርዓትም ይዘልቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎችን የሚያደናግር ልዩነት አለ። በዓለም ንግድ ድርጅት የሚከራከሩት መንግሥታት ብቻ ናቸው፤ ዕቃው የተበላሸበት የዱባይ ነጋዴ ጄኔቫ ሄዶ መክሰስ አይችልም። የእርሱ መንገድ የግል ውል፣ የባንክ የመተማመኛ ሰነድና የግልግል ዳኝነት ነው። ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎች እውቅና እንዲያገኙ የሚያደርገውን የኒውዮርክ ስምምነት የተቀበለችው በ2020 ነው። ጥሩ ሥርዓተ ትምህርት ሁለቱንም መንገዶች ያስተምራል።

በመስኩ ከሚታወቁት ተቋማት አንዱ በስዊዘርላንድ በርን የሚገኘው የዓለም ንግድ ኢንስቲትዩት ነው። በአፍሪካ ደግሞ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ከስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው የአሩሻው የንግድ ፖሊሲ ማሠልጠኛ ማዕከል ይጠቀሳሉ። በተጨማሪም በድርጅቱ ሕግ ላይ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የምስለ ችሎት ውድድር የአፍሪካ ዙር ስላለው፣ ተማሪዎች ከአህጉሩ ሳይወጡ ክርክርን የሚለማመዱበት ዕድል አለ።

የፊቅህና የንግድ ሕግ መገናኛ

በአል-አዝሃር የሸሪዓና የሕግ ፋኩልቲ ወይም በማሌዥያ ዓለም አቀፍ እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ለዚህ ሙያ ሩቅ አይደሉም። ስለ ሽያጭ፣ ስለ ውል፣ ስለ ዋስትናና ስለ ሽርክና የሚያስተምረው የፊቅህ ክፍል፣ ሙዓመላት፣ የሕግ አስተሳሰብን የሚስል መሠረት ነው። የንግድ ሕጉ ግን የራሱ ቋንቋና ሥርዓት ስላለው ለብቻው መማርን ይጠይቃል።

ሁለቱ ዕውቀቶች የሚገናኙበትን ቦታ አንድ ክርክር በግልጽ ያሳያል። ብራዚል በ2014 ኢንዶኔዥያን በዶሮ ሥጋ ንግድ ምክንያት ስትከስ፣ ከነጥቦቿ አንዱ የሐላል ምልክት አተገባበር ነበር። ክርክሩ ሐላል ይኑር ወይስ አይኑር አልነበረም። ደንቡ በውጭና በአገር ውስጥ ሥጋ ላይ እኩል ይተገበራል ወይ የሚል ነበር። በ2017 የወጣው ውሳኔ በዚህ ነጥብ ላይ የብራዚልን አቤቱታ አልተቀበለም። የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬቱን በማጽደቅ ረገድ የታየውን መዘግየት ግን ከስምምነቱ ጋር የሚጋጭ ሆኖ አግኝቶታል።

የኢትዮጵያ ሥጋ ገዥዎች በአብዛኛው ሙስሊም አገራት በመሆናቸው፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ነገ በኢትዮጵያ ላኪዎች በር መቆሙ አይቀርም። ዓረብኛ ከዓለም ንግድ ድርጅት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ አይደለም፤ እነርሱ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ናቸው። የጅዳ ወይም የዱባይ ጉምሩክ ደንብ ግን በዓረብኛ ይጻፋል። አማርኛን፣ ዓረብኛንና እንግሊዝኛን አጣምሮ የያዘና ሕጉን የተማረ ሰው ለአገሩም ለአካባቢውም ብርቅ ሀብት ነው።

የሚነሱ ጥርጣሬዎች

ይህን ሁሉ የሰማ ወላጅ ወይም ተማሪ፣ ሕጉ ራሱ እየተሸረሸረ አይደለም ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል፣ አሜሪካ አዳዲስ አባላት እንዳይሾሙለት በመከልከሏ፣ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ አዲስ ይግባኝ ማየት አልቻለም። በፓነል የተረታ አገር ማንም ወደማይሰማው ይግባኝ በመሄድ ውሳኔውን ማስቆም ይችላል። በ2025 ዋሽንግተን በበርካታ አገራት ላይ የጣለችው ቀረጥም ለመርሆዎቹ የነበረውን አክብሮት ጎድቷል።

ጥርጣሬው መሠረት አለው። ነገር ግን የንግድ ሕግ ሥራ በችሎት ብቻ አይወሰንም። አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በኮሚቴ ስብሰባ፣ በሁለትዮሽ ድርድርና በጉምሩክ ሰነድ ላይ ነው። ኬንያ ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር ሁሉን አቀፍ የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት በጥር 2025 ተፈራርማለች፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣናም የራሱ የክርክር አፈታት ሥርዓት አለው። ዳኛው በደከመ ጊዜ ደግሞ ኃያሉ በጉልበቱ ሲደራደር፣ ደካማው ያለው መሣሪያ ዕውቀት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጥርጣሬ የሥራ ጉዳይ ነው። በውጭ አገር የሚሰጠው ትምህርት ውድ ነው፤ የተመረቀውም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ደመወዝ ከሙያው ጋር የሚመጣጠን ላይሆን ይችላል። ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥቶ መላክ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የሚመለሱበት የሥራ ቦታ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ከመጠምጠም በፊት

በየካቲት 2024 አቡ ዳቢ ላይ በተካሄደው 13ኛው የሚኒስትሮች ጉባኤ ኮሞሮስና ቲሞር ሌስቴ አባልነታቸው ጸድቆ፣ የድርጅቱ አባላት ቁጥር 166 ደርሷል። በ2007 ያመለከተችው ትንሿ የደሴቶች አገር፣ ኮሞሮስ፣ ኢትዮጵያን ቀድማ መግባቷ ሲያስቆጭ፣ ተስፋም ይሰጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ግን፣ የአባልነት ጥምጥሙ ከመታሰሩ በፊት ትምህርቱ መቅደም ይኖርበታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሰፊ ዘመቻ አይደለም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የሕግ ትምህርት ቤቶችና የላኪዎች ማኅበራት ተባብረው በየዓመቱ ጥቂት ወጣቶችን ቢያስተምሩ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ የሠለጠነ ቡድን ይፈጠራል። ከእነርሱ መካከል ዓረብኛ የሚያውቁ ከተካተቱ፣ ቀጣዩ የእንስሳት እገዳ በሚታወጅበት ዕለት፣ ከበሽታ ነጻ የሆነው አካባቢ የትኛው እንደሆነ በማስረጃ አስደግፎ ደብዳቤውን የሚጽፍ ሰው ይኖራል። የቦረናና የጅግጅጋ አርብቶ አደር ከጄኔቫ የሚጠብቀው ጥቅም የሚለካው በዚያ ደብዳቤ ነው።