የአየር ርቀትና የመንገደኛ ጊዜ

ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አክሱም ያለው የአየር ርቀት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ተሳልሞ ወደ ርእሰ አድባራት ወገዳማት አክሱም ጽዮን ለመገሥገሥ የሚሻ ምእመን ግን፣ ቀጥታ በረራ ባላገኘ ጊዜ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ ቦሌ ካረፈ በኋላ፣ 575 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሊመለስ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ርቀትን የሚወስነው የምድር ስፋት ብቻ ሳይሆን የበረራም ሥርዓት ነው።

በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በመብረር ሥራውን የጀመረው አየር መንገዳችን ለዛሬው ክብር የበቃው መንገደኛን በአንድ ማዕከል ሰብስቦ በማከፋፈል ጭምር መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ለማኅበሩ የሚረባ ሥርዓት ለእያንዳንዱ መንገደኛ ሁልጊዜ አይቀናም።

በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓትም የጉዞው ሙሉ መስፈርት አይደለም። የእኔ ሰፈር አያት ለቦሌ ጎረቤት ስትሆን፣ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ሲያልፍ አውሮፕላን ማረፊያውን አይነካምና፣ በመኪና መጨናነቅና በፍተሻ ሰልፍ የሚባክነው ጊዜ ከአጭር በረራ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ቢያንስ ከኅዳር ጽዮን እስከ ልደት በዓል ባለው ወራት ሁለቱን ቅዱሳት መካናት በቀጥታ በረራ ማገናኘት፣ የምእመኑን ድካም ከማቅለሉም በላይ ሀገርን ከሀገር ማቀራረብ ነው።