ፎቶግራፍ በውስጡ የያዘው ጽሕፈት



የቀድሞ ጸሐፊ የብራና መጽሐፉን በፈጸመ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን፥ ያስጻፈውንም ሰው ስምና ዘመኑን ማኖር የተለመደ ነበር። ያ ትንሽ ጽሕፈት የጠፋ እንደሆነ መጽሐፉ ይነበባል እንጂ መቼና በማን እጅ እንደ ተጻፈ ለማወቅ ያስቸግራል። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣው ፎቶግራፍም እንዲህ ያለ ጽሕፈት በውስጡ ይዟል። ኤግዚፍ ይባላል፤ ሥርዐቱም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. በጃፓን ወጣ። ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፥ የካሜራውን ዓይነት፥ የብርሃኑን ልክ፥ ከተፈቀደለትም ቦታውን ሳይቀር ይመዘግባል።

ይህን ነገር በሚገባ ያስተማረኝ በቤታችን የደረሰ ጉዳይ ነው። በበየዳ ይኖሩ የነበሩት አጎቴ በ2016 ዓ.ም. ዐረፉ። እኔም በደባርቅ ሆኜ የቤተ ዘመዱን ፎቶግራፍ በአንድ ዊኪ ውስጥ አሰባስብ ነበር። ዊኪ ማለት ፈቃድ ያለው ሁሉ ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የሚባለው ፕሮግራም ለአንድ ቤተ ሰብም ያገለግላል፤ ፎቶግራፍ በተጨመረበት ጊዜ በውስጡ ያለውን ጽሕፈት አንብቦ ከሥር በሠንጠረዥ ሊያሳይ ይችላል።

የአጎቴን የመጨረሻ ፎቶግራፍ ያነሣው የአክስቴ የልጅ ልጅ ነበር። መጀመሪያ በመልእክት መላኪያ እንደ ተራ ፎቶግራፍ ቢልክልኝ ሠንጠረዡ ባዶ ሆነ። ብዙዎቹ መልእክት መላኪያዎች ፎቶግራፉን ሲያቀልሉት ያንን ጽሕፈት ይጥሉታልና። ዳግመኛ እንደ ፋይል አድርጎ በላከልኝ ጊዜ ግን ቀኑ 2024፥ 01፥ 20፤ ሰዓቱ 08፡15 የሚል ወጣ።

እኔም ጥምቀት በጃንዋሪ 19 ይውላል የሚለውን በልቤ ይዤ፥ ‹‹እንግዲያስ ይህ ማግሥቱ፥ ጥር 12 ቀን ነው›› ብዬ ጻፍሁ። የካሜራው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ስለሚቈጠርም ስድስት ቀንሼ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 አልሁ። ይህን ለአክስቴ በስልክ ብነግራቸው፥ ‹‹ተሳስተሃል ልጄ፤ ይህማ በጥምቀት ዕለት ጠበሉ ከተረጨ በኋላ ነው። በነጋታው፥ በሚካኤል፥ ወንድሜ ታምሞ ከመኝታው አልተነሣም፤ ከዚያም ወዲያ በእግሩ አልቆመም›› አሉኝ።

ቁጭ ብዬ ባሰላው እውነቱ የእርሳቸው ሆነ። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለች። ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ፥ 2016 ዓ.ም.፥ በሴፕቴምበር 12 ገባ፤ ጥር 11 ቀንም በጃንዋሪ 20 ዋለ። ይህም የአንድ ቀን ልዩነት ፌብርዋሪ 29 እስኪያልፍ ድረስ የሚቈይ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማርሁት እኔ ዘነጋሁ፤ ፊደል ያልቈጠሩት አክስቴ ግን ቀኑን አልዘነጉም። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተሳሳተው ተርጓሚው ነው። ወንድማቸው በእግራቸው የቆሙበትን የመጨረሻውን ቀን ከጥምቀት ነጥቄ ለማግሥቱ ልሰጠው ነበር።

ስለዚህ አሁን በመዝገባችን ሁለቱን ጐን ለጐን እናኖራለን። ካሜራው የጻፈውን ሳንነካ እንዳለ እናሳያለን፤ ከሥሩም በእኛ አቈጣጠር ቀኑን፥ በፎቶግራፉ ያሉትን ሰዎች ስምና ይህን የመሰከረልንን ሰው እንጽፋለን። ካሜራ ሰዓቱን ይመዘግባል እንጂ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም። የስልኩ ሰዓት ተዛብቶ የነበረ እንደሆነም የሚመዘግበው ቀን ስሕተት ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያርመው ምስክር ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስልኩ ቦታን እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ፎቶግራፉ የቤታችሁን ደጃፍ በቁጥር ይዞ ይዞራል። ሕፃናት የሚኖሩበትን ቤት፥ ወይም የጥንት መጽሐፍና መስቀል የተቀመጠበትን ዕቃ ቤት ለማያውቁት ሰው ማመልከት ለሌባ መንገድ መጥረግ ነው። ሠንጠረዡን ከዓይን መሰወርም አይበቃም፤ ጽሕፈቱ በፋይሉ ውስጥ ስላለ ያወረደው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። እንግዲህ ዋናውን በቤት አኑሩ፤ ለውጭ ሰው ከምትሰጡት ቅጅ ላይ ግን ቦታውን አስቀድማችሁ አጥፉ።

አንባብያን ሆይ፥ ፎቶግራፉ ይቈያል፤ የሚያውቀው ሰው ግን ያልፋል። እኔ ያን ዕለት ስልክ ባልደውል ኖሮ ስሕተቴ ለልጅ ልጆቻችን እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። አክስቶቻችንና አጎቶቻችን በሕይወት ሳሉ ፎቶግራፎቹን ይዘን ከአጠገባቸው እንቀመጥ፤ እየጠየቅንም እንጻፍ።