ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለው ሒሳብ

ሽሮ ሜዳ ላይ ዱቤ የሚሰጠው በወረቀት ሳይሆን በፊት ነው። ከሸማኔ ጥበብ ተረክባ፣ ቀሚስ አሰፍታ የምትሸጥ ነጋዴ ዕቃውን በቃሏ ታነሳለች፤ ገንዘቡን ከበዓል በኋላ ትከፍላለች። አበዳሪዋ የሚያየው ሱቋን፣ ዕቃዋንና ሰውነቷን ነው። ሞላ ካለች «ተመችቷታል» ይባላል፤ ገበያዋ እንደ ሞቀ ይቆጠራል። ከሳ ካለች ግን ወሬ ይነሳል።

እንዲህ ያለች አንዲት የጉለሌ ነጋዴ ለአብነት ትወሰድ። ዕድሜዋ 43፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 105 ኪሎ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት። ዳገቱን ወጥታ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግሯ ከሳለመች ዓመታት አልፈዋል። አሁን እቁብ ሊደርሳት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገንዘቡ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ዕቃ ይገባ ነበር። ዘንድሮ ግን ሌላ ሐሳብ መጥቶባታል፤ ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን ማሳነስ።

ሐሳቡ ከጥቂት ዓመታት በፊት የቅንጦት ወሬ ይመስል ነበር። አገሪቱ በዓለም ፊት የምትታወቀው በረሃብ እንጂ በውፍረት አይደለምና። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጭን፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። በከተማ ብቻ ሲታይ የወፍራሞቹ ድርሻ 21 በመቶ ደርሷል። ሁለቱም ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው። ገበያውም ይህን አይቷል። በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ሆስፒታሎች የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገናን ያስተዋውቃሉ፤ ወደ ህንድና ቱርክ የሚወስዱ ደላሎችም ከዋጋ ዝርዝር ጋር ስልክ ይደውላሉ።

ለመሆኑ የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው?

ተስፋው ባዶ አይደለም

በብዛት የሚሠራው «ስሊቭ» የሚባለው ነው። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው እንደ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። የሚያዘው ምግብ ያንሳል፤ የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅሰውም ሆርሞን ይቀንሳል። ሌላው «ባይፓስ» ነው። ይህኛው ጨጓራውን ትንሽ ከረጢት አድርጎ፣ ምግቡ የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ዘልሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። ዘዴው አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ባይፓስ በአሜሪካ አዮዋ በሐኪሞቹ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ የተሠራው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው።

ማን ይገባዋል የሚለውም መለኪያ አለው። ክብደት በኪሎ ተይዞ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ይካፈላል። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ውጤቱ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳርና ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበትን ሰው ይፈቅድ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበራት መለኪያውን ወደ 35 ዝቅ አድርገውታል፤ ስኳርና መሰል በሽታ ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብ መክረዋል። የሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ ስትሰላ 41 ትሆናለች። በየትኛውም መለኪያ ደጃፉን አልፋለች።

ውጤቱስ? በሁለት ዓመት ውስጥ ከጠቅላላ ክብደት ሩቡን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን መቀነስ የተለመደ ነው። ለእርሷ ይህ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ማለት ነው። ስኳር ካለባቸው ብዙዎቹ መድኃኒት እስከ ማቆም ይደርሳሉ፤ ከዓመታት በኋላ የሚመለስባቸውም አሉ። በስዊድን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት፣ ቀዶ ጥገና ካደረጉት መካከል የሞቱት ካላደረጉት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ልምድ ባላቸው ሆስፒታሎች ከኦፕራሲዮኑ ጋር በተያያዘ የሚሞተው ከሺህ አንድ ገደማ ነው።

ጥርጣሬው የት ላይ ነው?

ሰው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቢላውን፣ ሁለተኛው ወሬውን።

ወሬው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ኤድስ ከተማውን ባስጨነቀባቸው ዓመታት የከሳ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ መታደል ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም፣ በስድስት ወር ውስጥ 20 ኪሎ የጣለች ነጋዴ ዛሬም «ምን ነካት?» መባሏ አይቀርም። ጥያቄው ከሐሜት አልፎ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ዱቤ ሰጪው ይቸኩላል፤ የእቁብ ዳኛው ዋስ ጨምሪ ይላል።

ስለዚህ ብዙዎች በድብቅ ማድረግን ይመርጣሉ። «ዘመድ ልጠይቅ» ተብሎ ይጠፋል። ይህ ግን ከቢላው የባሰ አደጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ፣ ደም ሊረጋ ይችላል። ትኩሳት፣ ፈጣን የልብ ምት፣ የማይለቅ የሆድ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ጎረቤት ካላወቀ ማን ታክሲ ይጠራል? የተጠራውስ ሐኪም ምን ተብሎ ይነገረዋል? ወሬን የሚያሸንፈው ቀድሞ መናገር ነው። «ታምሜ ነበር፣ ታከምኩ» ያለች ነጋዴ ዱቤዋ ይተርፋል።

ሦስተኛ ጥርጣሬም አለ። «ጾሙና ዳገቱ እያለ ለምን ቢላ?» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። እንጦጦ ላይ በየማለዳው ሯጮች የሚለማመዱበት ሠፈር መሆኑም ክርክሩን ያጠነክረዋል። ዳር ዳሩን እውነት አለው፤ ክብደቱ ገና መጨመር ለጀመረ ሰው እግሩና ማዕዱ የመጀመሪያ ሐኪሞቹ ናቸው። ነገር ግን 105 ኪሎ የደረሰ ሰውነት ክብደቱን እንደ ንብረት ይጠብቃል። ሲቀንሱበት ረሃቡን ይጨምራል፤ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል። ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

እነዚህ ሁሉ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚነሱ ናቸው። ትልቁ ሒሳብ ግን የሚጀምረው ከበኋላው ነው፤ ገበያውም ስለእርሱ ብዙ አያወራም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሳምንታት ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የላመ ምግብ ብቻ ይበላል። ከዚያም ዕድሜ ልክ በትንሽ በትንሹ፣ በዝግታ፣ ፕሮቲንን በማስቀደም መብላት ይመጣል። ቫይታሚን ቢ 12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በየጊዜው መወሰድ፣ ደምም እየተመረመረ መታየት አለበት። በፍጥነት የከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊያፈራ ይችላል። በስሊቭ ቃር የሚብስባቸው አሉ። ልጅ የምትፈልግ ሴት ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል መቆየት አለባት። መጠጥ ቶሎ ያሰክራል።

የአገሩ ኑሮም ይጨመርበት። በቀን 60 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን የታዘዘላት ሴት ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮና በምስር ስትጾም፣ ትንሹ ጨጓራዋ ያን ያህል ሽሮ አይችልም። ቢ 12 ደግሞ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት እንጂ ከጾም ወጥ አይገኝም። ይህ ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር አስቀድሞ መመከር ያለበት ጉዳይ ነው። ጉርሻውስ? በማኅበርና በሠርግ «በሞቴ» ለሚል ዘመድ ምን ይመለስለታል? ከሌላ አገር ተቀድቶ የመጣ የአመጋገብ ወረቀት ለዚህ መልስ የለውም።

ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ጉለሌ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አከናውኗል። ሕዝቡ ያጨበጨበው ለቀዶ ጥገናው ነበር። ንቅለ ተከላው የሚጸናው ግን ታካሚው በየቀኑ መድኃኒቱን እየወሰደ፣ በየጊዜው እየታየ ሲኖር ነው። ጨጓራም እንደዚያው ነው። በሰዓታት የሚያልቀው ሥራ የዓመታት ተከታይ አለው።

ገዢና ሻጭ

ወደ ውጭ የሚሄዱት ይህን ተከታይ በአውሮፕላን ማረፊያው ትተውት ይመጣሉ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለአንድ ጉዞ የተጠራቀመ ብር ለሁለተኛ ጉዞ አይበቃም። ችግር ሲመጣ የሚያክመው እዚህ ያለ ሐኪም ነው፤ እርሱ ደግሞ የተሠራውን ሥራ መዝገብ አላየም።

መርፌውስ የሚል ይኖራል። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለውፍረት ከተፈቀደ ወዲህ ብዙዎች ተስፋቸውን ጥለውበታል፤ ለአንዳንዱም ከቢላው የተሻለ ይሆናል። ነገር ግን መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው እንደሚጨምሩ በጥናት ታይቷል። እርሱም የዕድሜ ልክ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ገዢ ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት አምስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርቷል? በመጀመሪያው ወር በሌሊት ችግር ቢመጣ ማን ይቀበላል? ድጋሚ ቢከፈት ወጪው የማን ነው? የሁለት ዓመት ክትትል፣ ምርመራና የምግብ ባለሙያ ምክር በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? የመዝገቡ ቅጂስ ለታካሚው ይሰጣል ወይ?

ሆስፒታሎቹ «ይህ ሁሉ ዋጋ ያስወድዳል፤ ደንበኛውን ወደ ውጭ ያባርራል» ሊሉ ይችላሉ። ዋጋ እንደሚጨምር አይካድም። ግን ወጪው ሳይጻፍ ቢቀርም አይጠፋም፤ በታካሚው ትከሻ ላይ ይወድቃል። በአንዲት ደንበኛ ላይ የደረሰ ጉዳት ደግሞ ከሽሮ ሜዳ መርካቶ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ገንዘብ ይዞ ጤና ዘርፍ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ባለሀብትም ሌላ የኦፕራሲዮን ክፍል ከመክፈት ይልቅ ክፍተቱን ይመልከት። የጾም ማዕድን የሚያውቅ የምግብ ባለሙያ፣ በየሦስት ወሩ ደም የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ ቫይታሚኑ መደርደሪያው ላይ የማይጠፋ ፋርማሲ፤ የጎደለው ይህ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የጉለሌዋ ነጋዴ ተስፋዋ ትክክል ነው፤ ጥርጣሬዋም ትክክል ነው። የሚሻለው የእቁቡን ገንዘብ ለሁለት መክፈል ነው፤ አንዱን ለኦፕራሲዮኑ፣ ሌላውን ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት። አምስቱን ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስላት ከጠፋ ግን ገንዘቡ እንደ ለመደው ለመስቀል ዕቃ ይግባ። እቁብ በሌላ ዓመትም ይደርሳል።