ርዕሰ አንቀጽ፦ ቦርሳ አድርሰው ስለሚመለሱት ልጆች



እንደምታውቁት የ2018 ዓ.ም. ትምህርት ከተጀመረ ሁለተኛ ወሩን እያገባደደ ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ደመራው በርቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ወደ ሠፈራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት በዩኒፎርም መድመቅ ከጀመረ ሰነበተ። «ትምህርት የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው» የሚለው የድሮ ልማድ ዘንድሮም ጨርሶ አልለቀቀንም። ስለዚሁ ባለፈው እትማችን በሰፊው ስለጻፍን አሁን አንደግመውም።

ከትምህርት ቤቱ የሰማነውን ባጭሩ እንናገር። የታችኛው በር አካባቢ ያለው አጥር በወላጆች መዋጮ ተጠግኗል። የሴት ልጆች መፀዳጃ ቤት በር ግን ዛሬም አልተገጠመም፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት «በሚቀጥለው ሳምንት» ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የተማሪዎች ምገባ ደህና እየሄደ ነው። ሌላው ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማዳችን እንደሆነ ይታወቃል። ዘንድሮ ቀኑ ዓርብ ላይ ስለሚውል ልጆች ክፍል ውስጥ ናቸው። ዛሬ የምናቃጥለው ደግሞ የድሮው ገለባና ቅጠል ሳይሆን ፌስታልና ፕላስቲክ ነው። መጥረጉን ጥረጉ፤ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ግን እሳት አታንድዱ ብለን እንለምናለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ የማኅበራችን ኮሚቴ አባላት በየተራ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንቆም ሰንብተናል። የቆምነው ለመኪናው ነበር፤ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ የሚበር ሾፌር አይጠፋም። እዚያ ቆመን ግን ዓመት ሙሉ በአጠገባችን ሲያልፍ ልብ ያላልነውን ነገር አየን።

አሥራ አንድ፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ነጠላ ጫማ አድርጋለች። በአንድ እጇ አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይዛ፣ በሌላው ቦርሳውንና የውኃ ኮዳውን አንጠልጥላ ትመጣለች። በሩ ላይ አፍንጫውን ትጠርግለታለች፣ ቦርሳውን ታሸክመዋለች፣ «ደህና ዋል» ትለዋለች። እሱ ይገባል። እሷ ቀደም ሲል በአጥሩ ሽንቁር ሰልፉን ጥቂት አይታ ነበር የምትሄደው፤ አጥሩ ከተጠገነ ወዲህ ይህም ቀርቶባታል። ቤት ዕቃ ይጠብቃታል፣ ልብስ ይጠብቃታል፣ የሚላጥ ሽንኩርት ይጠብቃታል።

አንድ፣ ሁለት እያልን መቁጠር ጀመርን። ስድስተኛዋ የመጣችው ከአንድ የኮሚቴ አባላችን ቤት ነበር። መቁጠሩን እዚያ ላይ ተውነው። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ ሌላውን ለመውቀስ ፊት ኖሮን አይደለም።

ጠይቁን ብትሉ የሁላችንም መልስ አንድ ዓይነት ነው። «የእህቴ ልጅ ናት።» «ያገሬ ልጅ ናት፣ እናቷ አደራ ብላ የሰጠችኝ።» «ኧረ ላስተምራት ነው ያመጣኋት!» እውነት ነው፤ አባቷ ከክፍለ ሀገር ሲሰጠን «አስተምሩልኝ» ብሎ ነው፣ እኛም እሺ ስንል አልዋሸንም። መጀመሪያ ከተማውን ትልመድ አልን። ከዚያ ምዝገባው አለፈ። በዓመቱ ቤት ውስጥ ሕፃን ተወለደ። በሁለተኛው ዓመት «ዕድሜዋ አልፏል፣ ከትንንሾቹ ጋር ስትቀመጥ ታፍራለች» ማለት መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ አደራው ሳይታወቀን ሥራ ሆኖ ቀረ።

«ማታ ትማራለች» የሚሉም አሉ። የማታ ትምህርትን አናንቋሽሽም። በዚህ ሠፈር ቀን ሰው ቤት እየሠሩ ማታ ተምረው ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ሰዎች እናውቃለን። እነርሱ ግን ሲጀምሩ አዋቂ ነበሩ። ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሣች የ12 ዓመት ልጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ደብተር ብትሰጧት ደብተሩ ላይ ነው የምትተኛው። ስትመለስ ደግሞ መንገዱ ጨለማ ነው፤ የጨለማውን ነገር ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

በዕድሜ የገፉት ነዋሪዎቻችን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስታውሳሉ። ያን ጊዜ እመቤትና ሠራተኛ በቀበሌ አዳራሽ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሀሁ ሲሉ ዕቃው ሳይታጠብ ይቆይ ነበር እንጂ በዚያ ምክንያት የፈረሰ ቤት አልነበረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃቸዋል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ለሌላ ደንብ የተተወ ነው እያሉ የሚከራከሩን አንድ ሕግ አዋቂ ጎረቤት አሉን፤ ይከራከሩ። ያቺ ልጅ ግን በር ላይ እንደቆመች ናት።

ለመሆኑ ችግሩ ምንድን ነው? ሕፃኑን ማን ያደርሳል እንዳትሉን፣ አብረው ይሂዱ፤ መንገዱን እንደሆነ በየቀኑ ትሄደዋለች። ዩኒፎርምና ደብተር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ በነፃ ይሰጣል። የቤቱ ሥራ መጓደሉ አይቀርም፣ ይህን አንሸሽገውም። በተለይ ገና ሳይነጋ ወደ ገበያ የሚወጡ እናቶች ከባድ እንደሚሆንባቸው እናውቃለን። ለነርሱ ከሰዓት በኋላ ሕፃናቱን በተራ የሚይዙ ሁለት እናቶች ከወዲሁ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ሌሎችም እንዲጨመሩ እንፈልጋለን።

ርዕሰ መምህሯን አነጋግረናቸዋል። ከገጠር ስትመጣ መሸኛ ያልያዘች ልጅ መመዘኛ ፈተና ተሰጥቷት የሚመጥናት ክፍል እንድትገባ ተስማምተዋል። ጊዜው እስከ ኅዳር 5 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሚቀጥለው መስከረም መጠበቅ ሊኖርብን ነው። ጫማ ለሌላቸው ማኅበሩ ከካዝናው ይገዛል።

ከላይ ያነሣናት ስድስተኛዋ ልጅ ባለፈው ሰኞ ተፈትና ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ሕፃኑንም ያው እርሷው ታደርሰዋለች።

ጽሕፈት ቤታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። ስትመጡ ልጅቷን ይዛችሁ ኑ፤ ስሟንና የአባቷን ስም ራሷ ትንገረን።