የሃርድዊክ ቤት መስኮቶችና ጠባቂዎቻቸው

ታላቅ ሕንጻ በሕግ ተጠብቋል ሲባል የሚሰማ ሰው፥ ሕጉ ከተጻፈና ማኅተም ከተደረገበት ወዲያ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አለመሆኑን በእንግሊዝ አገር በደርቢሻየር አውራጃ በኮረብታ ላይ የቆመው፥ ሃርድዊክ ሆል የተባለው የመኳንንት የገጠር ቤት በግልጥ ያስረዳል።

ቤቱን ያሠሩት የሽሩስበሪው ባላባት ሚስት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ታልቦት ናቸው። እኒህ ወይዘሮ አራተኛው ባላቸው በ1590 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ሲሞቱ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ሳለ ሥራውን አስጀመሩ፤ በ1597 ዓመትም ገቡበት። ንድፉን ያወጣው ከድንጋይ ጠራቢነት ተነሥቶ ለሕንጻ ሊቅነት የበቃው ሮበርት ስሚትሰን እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ድንጋዩ ከዚያው ከርስታቸው ተፈልጦ፥ መስተዋቱም በራሳቸው ማቅለጫ ተሠርቶ ነው የቀረበው።

ይህን ቤት ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር መስኮቱ ነው። በዚያ ዘመን መስተዋት እጅግ ውድ ነበረ፤ ወይዘሮዋ ግን ግንቡን ከሞላ ጐደል መስኮት አደረጉት። ቤቱ ሦስት ደርብ ሲሆን መስኮቶቹ ከታች ወደ ላይ በወጡ ቍጥር ቁመታቸው እየጨመረ ይሄዳል። ይህም ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ በምድር ቤቱ የአገልጋዮች ሥራ፥ በመካከለኛው ደርብ የወይዘሮዋና የቤተ ሰዎቻቸው መኖሪያ፥ በላይኛው ደርብ ደግሞ የታላላቅ እንግዶች መቀበያ አዳራሾች ስላሉ፥ ከውጭ የቆመ ሰው መስኮቱን አይቶ የክፍሉን ማዕርግ ያውቃል። የጭስ መውጫዎቹ በውጭው ግንብ ላይ ቢሠሩ ኖሮ ለመስኮቱ ቦታ ይሻሙት ነበርና፥ በውስጠኛው ግንብ ውስጥ ተደርገዋል። አልፎ አልፎም ከመስተዋቱ በስተኋላ ግንብ ብቻ ያለበት የይምሰል መስኮት ይገኛል፤ ለውጩ መልክ ሲባል የተደረገች ትንሽ ማታለል ናት። በስድስቱ ማማዎች ራስ ላይ የስማቸው መጀመሪያ ፊደላት ከነዘውዱ በድንጋይ ተቀርጸው ከሩቅ ይነበባሉ፤ ትሕትና የበዛበት ሥራ አይደለም። ለንግሥቲቱ መቀበያ እንዲሆን የታሰበውን ላይኛውን ደርብ ግን ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይረግጡት በ1603 ዓመት ዐረፉ።

ወራሾቻቸው የዴቮንሻየር መሳፍንት በቻትስወርዝ ይበልጥ ይኖሩ ስለ ነበረ፥ በየዘመኑ በመጣው ፈሊጥ የለዋወጡት ያንን ቤት ነው፤ ሃርድዊክ ችላ በመባሉ ዳነ። በ1950 ዓመት ዐሥረኛው መስፍን ሲሞቱ ከመቶ 80 የውርስ ግብር መጣ፤ ስለዚህ ቤቱ በግብሩ ፈንታ በ1956 ዓመት ለመንግሥት ግምጃ ቤት ተሰጥቶ፥ በ1959 ዓመት ናሽናል ትረስት ወደሚባለው ማኅበር ተላለፈ። ሕጉም በአንደኛ ማዕርግ መዝግቦታል፤ ያለ ፈቃድ አይፈርስም፥ አይለወጥም። ሕግ ግን ፀሐይን አይከለክልም።

በላይኛው ደርብ ርዝመቱ 50 ሜትር ያህል በሆነው አዳራሽ፥ የጌዴዎን ታሪክ የተሸመነባቸው 13 የግድግዳ ግምጃዎች ተሰቅለዋል። በፀምር ላይ በወረደው ጠል ምልክት የተሰጠው የመጽሐፈ መሳፍንቱ ጌዴዎን ነው። ወይዘሮዋ በ1592 ዓመት ሲገዟቸው የፊተኛው ባለቤት ዓርማ ስላለባቸውና ዓርማውን መለወጥ ስላስፈለገ፥ ከዋጋው 5 ፓውንድ አስቀንሰዋል። እነዚህን ግምጃዎች ጠግኖና አጽድቶ ለመጨረስ 24 ዓመት ፈጅቶ የመጨረሻው በ2023 ዓመት ተፈጸመ። ካበላሿቸውም ነገሮች አንዱ ያው ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የመስኮቱ ብርሃን ነው። ብርሃን ቀለምን ያነጣል፥ ክርን ያደርቃል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ በመስኮቶቹ ላይ ሸራ ያወርዳሉ፤ ለእንዲህ ያለ ልብስ በብርሃን መለኪያ ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ ማድረግ በሙያው የታወቀ ደንብ ነው።

ስለ ብርሃን የተሠራውን ቤት ማጨለም የሠሪውን አሳብ መሻር ነው የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ ከሩቅ አገር መጥቶ በደብዛዛ ክፍል የሚቆም እንግዳ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ሸራው በፈለጉት ቀን ይጠቀለላል፤ የነጣው ክር ግን አይመለስም። ደግሞም በ1601 ዓመት ወይዘሮዋ ባስጻፉት የዕቃ መዝገብ፥ በገዛ መኝታ ቤታቸው በመስኮት ፊት የሚጋረዱ ልብሶች ተቈጥረዋል፤ የኮረብታው ብርድ ሳያስቸግራቸው አልቀረም። እንግዲህ መስኮትን መጋረድ ከሠሪዋ ዘመን የመጣ ልማድ ነው። በዚህ ቤት መጨረሻ የኖሩት መበለቲቱ ኤቭሊን፥ የዘጠነኛው መስፍን ሚስት፥ ያረጁትን ግምጃዎች በገዛ እጃቸው በመርፌ ይጠግኑ ነበር። በጀት የሚመድብ ሹም ለግንቡ ቀለም ከማሰቡ በፊት ለዚህ መርፌ ያዥ ደመወዝ ቢያስብ የተሻለ ነው፤ ቀለሙ በየጊዜው ይቀባል፥ ባለመርፌው ግን ሙያውን ለሌላ ሳያስተምር ቢሄድ በቶሎ አይተካም።

ከአዲሱ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ ያው ወይዘሮ ቀድመው ያስጀመሩት አሮጌው ቤት ቆሟል። አሠሪው አንድ፥ ኮረብታው አንድ ነው፤ ዛሬም በሕግ መዝገብ ሁለቱ በአንድ ማዕርግ ተጽፈዋል። ነገር ግን አሮጌው ቤት በ18ኛው መቶ ዓመት መፍረስ ጀምሮ ጣራው ስለ ተነሣ፥ ሕጉ የደረሰው ለባዶው ግንብ ነው። ከእሳት ምድጃዎቹ በላይ በኖራ የተቀረጹት ሥዕሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ የመስኮቶቹም ቦታ መስተዋት የሌለበት ክፍት ሆኖ ቀርቷል። በዚያ በኩል አሻግሮ የሚመለከት ሰው የአዲሱን ቤት መስኮቶች ያያል።