ማውሱ ሳይበላሽ የሚንቀራፈፈው ለምንድን ነው?



በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው ከአንዲት እህታችን የደረሰንን ጥያቄ ነው። እህታችን ቤቷ ሆና በላፕቶፕ ጽሑፍ እየተየበች ቤተሰቧን የምትረዳ ስትሆን፣ ለወራት ያለ እንከን ሲሠራ የቆየው ሽቦ አልባ ማውሷ በድንገት መንቀራፈፍ ጀመረ። እጇን ስታንቀሳቅስ ቀስቱ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያም ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ቁልፉን ስትጫነው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ባትሪ ለወጠች፤ አልተሻለውም። አዲስ ማውስ ገዛች፤ እሱም እንደ ፊተኛው ሆነ። በመጨረሻም ያማከረችው ጠጋኝ “ቫይረስ ነው፣ ፎርማት መደረግ አለበት” አላት። ላፕቶፑ ውስጥ ግን የሁለት ዓመት ሥራዋና በሕይወት የሌሉት አባቷ ፎቶግራፎች አሉ። “ምን ትመክሩኛላችሁ?” ትላለች።

እህታችን፣ ፎርማቱ ይቆይ። እኛን የሳበን በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ የጠቀስሽው ነገር ነው፤ ችግሩ የጀመረው ፎቶግራፎቹን ለመገልበጥ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከገዛሽ በኋላ መሆኑ። በእኛ ግምት ማውሱም ላፕቶፑም ጤነኞች ናቸው። የታመመው በሁለቱ መካከል ያለው አየር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማውሱ ጋር አብራ የምትመጣውና ላፕቶፑ ላይ የምትሰካው ጥፍር የምታክል ሪሲቨር በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት ማውሱ የሚልክላትን መልእክት የምታዳምጥ ጆሮ ናት። የአብዛኞቹ ሽቦ አልባ ማውሶች ሞገድ 2.4 ጊጋኸርትዝ በሚባለው ክልል ውስጥ ነው። ማውሱ የሚሠራው በአንዲት ትንሽ ባትሪ ስለሆነ ድምፁ ሹክሹክታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሃርድ ዲስኩ ደግሞ የሚሰካው ዩኤስቢ 3.0 በሚባለው መሰኪያ ላይ ነው። ይህ ደረጃ የወጣው በኅዳር ወር 2008 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ የቀድሞው ዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ሲያስተላልፍ አዲሱ 5 ጊጋቢት፣ ማለትም ከአሥር እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ያለ ዋጋ አልመጣም። መረጃው በዚህ ፍጥነት ሲመላለስ ከዲስኩ፣ ከገመዱና ከመሰኪያው የሬዲዮ ጫጫታ ያፈተልካል፤ ጫጫታውም ሰፊ በመሆኑ ማውሱ የሚጠቀምበትን ክልል ጭምር ይሸፍነዋል። ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚያንሾካሹክን ሰው ለመስማት እንደ መሞከር ያለ ነው። ሪሲቨሯ የተወሰነውን ትሰማለች፣ የተወሰነው ያመልጣታል፤ ያመለጣት ነው በስክሪኑ ላይ እንደ መዝለል የሚታየው።

ይህ የእኛ መላምት አይደለም። ታዋቂው የኮምፒዩተር ክፍሎች አምራች ኢንቴል በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ሲሰካ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ያለው ጫጫታ ወደ 20 ዴሲቤል ያህል ከፍ እንደሚል ለክቶ አሳይቷል። 20 ዴሲቤል ማለት በኃይል መቶ እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። በመጀመሪያ ማውሱን ትተሽ በላፕቶፑ ታችፓድ ቀስቱን አንቀሳቅሺው። እሱም የሚንቀራፈፍ ከሆነ በእርግጥ ኮምፒዩተሩ ራሱ ተጨናንቋል፤ ጠጋኙም ያለ ምክንያት አልተናገረም ማለት ነው። ታችፓዱ እንደ ልብ እየሄደ ማውሱ ብቻ ካስቸገረ ግን ሃርድ ዲስኩን ንቀይው። እዚህ ላይ አደራ፦ ፋይል እየተገለበጠ ሳለ መዞ ማውጣት ፎቶግራፎቹን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ መገልበጡ ያብቃ፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩን “ኢጀክት” ብለሽ አዘሽ፣ ሲፈቅድልሽ ንቀይ። ማውሱ ወዲያው ከተፍታታ፣ መልሰሽ ስትሰኪውም እንደገና ከታመመ፣ ምርመራው አለቀ። ፎርማት በአንዳንድ ሱቆች ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም እንደሚታዘዝ አንድ ክኒን ሆኗል፤ የዚህ ዓይነቱን ችግር ግን ቢደረግም አያድነውም።

መፍትሔው ርቀት ነው። ሪሲቨሯን ከሃርድ ዲስኩ በተቃራኒ ባለው የላፕቶፑ ጎን ስኪያት፤ ዲስኩንም ገመዱ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ሌላው ጥግ ግፊው። ብዙዎች የሚሳሳቱት “ሪሲቨሯን ከፈጣኑ አውጥቼ ጎኑ ባለው በዩኤስቢ 2.0 ሰክቻለሁ” ብለው ሲያበቁ ነው። ጫጫታው የሚመጣው በአየር ስለሆነ ጎን ለጎን እስካሉ ድረስ ለውጡ እምብዛም ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለቱን በአንድ ሃብ ላይ አጣብቆ መሰካት ነው። መሰኪያዎቹ ከተጠጋጉ አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ግዢና ሪሲቨሯን ማውሱ አጠገብ አሳርፊያት፤ ከአዲስ ማውስ ዋጋው እጅግ ያነሰ ነው። ገመዱም ቢቸግር፣ ሃርድ ዲስኩን ራሱን በዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ መሰካት ይቻላል። መገልበጡ ይዘገያል እንጂ ጫጫታው ይቀራል። ፈጣኑ መሰኪያ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ሁሉም አምራቾች ግን ይህን ቀለም አይጠቀሙም።

ዴስክቶፕ ያላችሁ አንባብያን፣ ሪሲቨሯ ከሳጥኑ ጀርባ ከተሰካች ብረቱ ራሱ ስለሚጋርዳት ወደ ፊት ለፊቱ መሰኪያ አምጧት። የቤታችሁ ዋይፋይም በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ከሆነ ያው ጫጫታ ሊያዳክመው ይችላል፤ ራውተራችሁና ኮምፒዩተራችሁ የሚቀበሉ ከሆነ ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ማዛወር ይጠቅማል። በሪሲቨር የሚሠራ ኪቦርድም ፊደል እየዘለለ ካስቸገራችሁ ፊደል ገበታውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሪሲቨሩ አጠገብ ምን እንደተሰካ ተመልከቱ።