ውሃን በዶላር ማጓጓዝ ለማን ይበጃል?

ነጋዴ ስለሚሸጠው ዕቃ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ከውጭ አገር ታሽገው ለሚገቡት የስፖርት መጠጦች ሲቀርብ መልሱ አጭር ነው፤ ውሃ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ጥቂት ማጣፈጫና ቀለም። የታወቁት የዚህ ዓይነት መጠጦች በ100 ሚሊ ሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር ይይዛሉ። በዚህ ስሌት 1,000 ሊትር መጠጥ ውስጥ ያለው 60 ኪሎ ግራም ስኳርና ከ1 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ጨው ሲሆን ሌላው ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ከጂቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ የሚመጣው፣ የውጭ ምንዛሪና ቀረጥ የሚከፈልበት እንግዲህ ይኸው ውሃ ነው።

ነገሩ ቀድሞም ቢሆን ሊጤን የሚገባው ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን የግድ ሆኗል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋ ያለው ይዘቱ ጥቂት የሆነ ዕቃ በእንዲህ ያለ ጊዜ የአስመጪን ካፒታል ያስራል፤ የገዢውንም ኪስ ያራቁታል።

መጠጡ ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ሮበርት ኬድና ባልደረቦቻቸው ለዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ጌቶሬድን የቀመሙት እውነተኛ ችግር ለመፍታት ነበር። በሙቀት የሚጫወት ሰው ላብ ሲያወጣ ከውሃው ጋር ጨው ያጣል። ትንሹ አንጀት ደግሞ ስኳርና ሶዲየምን ተያይዘው ሲያገኛቸው በፍጥነት ወደ ደም ያስገባቸዋል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። ለተቅማጥ ሕሙማን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው የንግድ ታሪክ ነው። ፔፕሲኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ኩዌከር ኦትስን ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ሲጠቀልል በዋናነት ያማተረው ይህንኑ መጠጥ ነበር። ገንዘቡ የተከፈለው ለጨውና ለስኳሩ ሳይሆን ለስሙ መሆኑ ግልጽ ነው።

ይህ ቅመም በማንኛውም ጓዳ ይገኛል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ልክክ ያለ 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳር (60 ግራም ገደማ)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው (1.5 ግራም ገደማ) እና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ሲደባለቁ መደርደሪያ ላይ ካለው ጋር የሚቀራረብ መጠጥ ይሆናል። ስኳር ለተወደደበት ሰው 75 ግራም ያህል ማር ይተካዋል። ለአገሩም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ብርዝም ሆነ በጨው የተበጠበጠ በሶ መንገደኛውና ዘማቹ በስንቅነት ሲገለገሉባቸው የኖሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ ልክ ያስፈልገዋል። ከአንድ ሰዓት ላነሰ ቀላል እንቅስቃሴ ተራ ውሃ ይበቃል፤ ጠዋት መስቀል አደባባይ ለግማሽ ሰዓት ሮጦ ግማሽ ሊትር ጣፋጭ መጠጥ የሚጠጣ ሰው ካቃጠለው ከፊሉን መልሶ ይጠጣል። ጨው ሲበዛ ያስጠማል፣ ሆድም ያውካል። ውሃ ያለ መጠን መጋትም የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ዋነኛው ምክንያትም በሩጫው ወቅት ከሚገባው በላይ መጠጣታቸው ነበር። በጥም ልክ መጠጣት፣ ከልምምድ በፊትና በኋላ መመዘንም ይበጃል፤ 1 ኪሎ መቀነስ 1 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ማጣት ነውና። የተቀመመው በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ በዕለቱ ማለቅ አለበት። የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሐኪሙን ያማክር። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃንም ይህ መጠጥ የኦአርኤስ ምትክ አይደለም፤ በሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ ብቻ ካለው ከኦአርኤስ ጋር ሲነጻጸር ስኳሩ ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

የአስመጪዎች ወገን የሚያነሣው መከራከሪያ አለ። ገዢው የሚከፍለው ለስኳር ሳይሆን ለእምነት ነው፤ የታሸገው መጠኑ አይዛነፍም፣ ውሃውም አያጠራጥርም ይላሉ። ይህ ሚዛን የሚደፋ ነጥብ ነው። ቤት ውስጥ አንዱ በማንኪያ፣ ሌላው በእፍኝ ይለካል። ሆኖም ክርክሩ የሚያስረዳው ገበያው አስተማማኝ መጠን እንደሚፈልግ እንጂ ውሃውን ከባሕር ማዶ ማምጣት እንደሚገባ አይደለም። ውሃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች በአገር ውስጥ ሞልተዋል።

ስለዚህ ክፍተቱ ያለው በዱቄቱ ላይ ነው። ለግማሽ ሊትር የሚሆን 30 ግራም ስኳርና ከአንድ ግራም በታች ጨው ተመጥኖ በትንሽ ከረጢት ቢታሸግ፣ አንድ ኩንታል ዱቄት ከ3,000 በላይ ጠርሙስ ይወጣዋል። ጨው ከአፋር አፍዴራ ይመጣል። ስኳሩ ላይ ግን ራስን መሸንገል አይገባም፤ የአገር ውስጥ ምርት ፍላጎቱን ስለማያሟላ ከፊሉ በዶላር ይገዛል። ቢሆንም 60 ኪሎ ስኳር ማስገባትና አንድ ቶን መጠጥ ማስገባት አንድ አይደሉም። የአፍሪካ ቀዳሚ የማር አምራች ለሆነች አገር ደግሞ በማር የተሠራ መጠጥ ወደ ውጭ ገበያም ሊያይ ይችላል።

ባለሀብቱ ልብ ሊለው የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምርቱ እንደማንኛውም የታሸገ ምግብ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው፤ የስኳሩና የጨው መጠን በግራም ከረጢቱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከኢነርጂ መጠጥ ጋር አይደባለቅ። ኢነርጂ መጠጥ ካፌይን አለበት፤ ብዙዎቹም በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 11 ግራም ስኳር ይይዛሉ። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ አቀላቅሎ «ለስፖርተኛ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ያሳስታል።

አበው «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይላሉ። በዶላር የመጣውም ውሃ ከውሃነት አያልፍም። ጓዳው ውስጥ ያለውን በልክ የሚቀምም ቤተሰብ ወጪውን ይቀንሳል፤ ልኩን አሽጎ የሚሸጥለት ነጋዴም ሊያተርፍ የሚችለው ከውሃው ጭነት ሳይሆን ከልኩ ታማኝነት ነው።